«እኔ ምን አውቄ አስተምራለሁ?»

«የቤተ ክርስቲያናችንን ልጆች እሑድ እሑድ አስተምሩልኝ» ስላቸው፣ ይህን መልስ በአንድ የበጋ ዕረፍት ከ20 በላይ ሰዎች ሰጥተውኛል። አንዳንዶቹ ፈገግ ብለው፣ አንዳንዶቹ ደንግጠው። አንዲት እናት ደግሞ ዕንባዋ መጣ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ዲያቆን ነው። በውጭ አገር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት ክፍል ለአራት ዓመት ያህል ብቻውን አስተምሯል። ከ4 ዓመት እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች በአንድ ክፍል፣ አንድ መምህር፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ። እሑድ ሌሊት ኪዳን ያደርሳል፣ ቅዳሴ ይቀድሳል፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ ይወርዳል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ይገባል። አንድ እሑድ ቀረ። በሳምንቱም ቀረ። ስደውልለት «እህቴ፣ ደክሞኛል» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ያን ቀን ልጆቼን ይዤ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ዝም አልኩ። ለአራት ዓመት ልጆቼን አስረክቤው ላይ ቅዳሴ ስቆም ኖሬያለሁ። አንድም ቀን «ምን ላግዝህ?» ብዬው አላውቅም። ሰበካ ጉባኤው «አስተባባሪ ሁኚ» ሲለኝ እምቢ ለማለት አፌ ያልተላወሰው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም የሚያደርገውን ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቀሲስ ማስታወቂያ ተናገሩልኝ። «ልጆቻችንን ማስተማር የምትችሉ ስማችሁን አስመዝግቡ» አሉ። በቴሌግራም ግሩፓችንም ለጠፍኩት። «እግዚአብሔር ያበርታችሁ» የሚል መልስ ጎረፈ፤ ከልብ የመጣ ምርቃት ነበር። የተመዘገበው ግን ሁለት ሰው ነው። ማስታወቂያ ሲነገር ሰው ሁሉ «ከእኔ የሚሻል አለ» ብሎ ዞር ዞር ይላል። ክፋት አይደለም፣ ትሕትና ነው። ግን ልጆቹን ያለ መምህር ያስቀረ ትሕትና ነው።

ከዚያ ወረቀት አወጣሁና ስም መጻፍ ጀመርኩ። ማን ያውቃል የሚለውን ትቼ፣ ልጆች የሚጠጉት ማንን ነው ብዬ ነበር የምጠይቀው። በቅዳሴ ሰዓት ዓይኔን ወደ ኋላ ጣል ሳደርግ አንዲት እህት ሁልጊዜ የሰው ልጅ አቅፋ አያታለሁ። በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ነው የምትሠራው። ብዙ እሑድ ከሥራ በቀጥታ ነው ቅዳሴ የምትገባው። የመጀመሪያውን ስም የእሷን ጻፍኩ።

«እኔ? ኧረ በስመ አብ! እኔ ምን አውቄ ነው የማስተምረው?» አለችኝ። ዕንባዋ የመጣው የእሷ ነው። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ወጥታ ሰው ቤት ስለገባች ሰንበት ትምህርት ቤት የመማር ዕድል አላገኘችም። «የሰው ልጅ አሳስታለሁ ብዬ እፈራለሁ» አለች።

ይህን ፍርሃት ማክበር ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን «መምህር» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ከንባብ ቤት ተነሥቶ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ የመጻሕፍት ትርጓሜውን በየጉባኤ ቤቱ ሲማር ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው መምህር የሚባለው። አንዲትን ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች እናት «መምህርት ሁኚ» ስትላት በዓይነ ኅሊናዋ የምታየው የኔታን ነው። እውነቷን ነው፣ እንዴት አትደንግጥ?

ስለዚህ አጠያየቄን ለወጥኩ። «አስተምሪ» ማለት ተውኩ። «በሳምንት አንድ ዘር ፊደል ለስምንት ሕፃናት ታስቆጥሪልኛለሽ?» አልኳት። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ። በቃ፣ ለአንድ እሑድ ይኼው ነው። ፊደላችን 33 ዘር ነው፣ እያንዳንዱ ሰባት ድምፅ፣ በድምሩ 231። በእሑድ አንድ ዘር ከሄድን በ33 እሑድ ያልቃል። የበዓላት ቀን ሲቀነስ አንድ የትምህርት ዓመት ይሞላል። ይህን በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። «ይኼንንማ እችላለሁ» አለች።

እኔም ከዚያ በኋላ የጠየቅሁትን ሁሉ እንዲህ ቆርጬ ነው የጠየቅሁት። አንዱን መዝሙር ብቻ እንዲያስጠና፣ ሌላዋን የበዓሉን ታሪክ ብቻ እንድትተርክ፣ አንዱን አባት ደግሞ በር ላይ ቆሞ ልጆቹን እንዲቀበልና ስም እንዲይዝ። ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ፣ መጨረሻውም የታወቀ። እስከ መቼ እንደሆነ ያልተነገረው ሰው ውስጡ ይፈራል። ከዘጠኝ ወር በኋላ ያለ ምንም ቅሬታ ማቆም እንደሚችል ሲያውቅ ግን ቀለል ይለዋል። በዚህ መንገድ 11 ሰው አገኘሁ።

ቀሲስ ሦስት ቅዳሜ ሰጡን። የእምነታችንን መሠረት አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በአጭሩ፣ እንደ ጥምቀትና ቁርባን ያሉትን ሰባቱን ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን፣ ለልጅ በሚገባ አነጋገር። ያቺ እህት በመጀመሪያው ቀን ጥግ ላይ ተቀምጣ «አባቴ፣ እኔ እኮ አልተማርኩም» አለቻቸው። እሳቸውም «የሐዋርያው ጳውሎስን ደቀ መዝሙር ጢሞቴዎስን ማን አሳደገው? አያቱ ሎይድና እናቱ ኤውንቄ አይደሉም እንዴ?» አሏት። ከዚያ አንድ ሕግ አወጡልን። ልጅ የማታውቁትን ከጠየቃችሁ አትገምቱ፣ «ቀሲስን ጠይቄ በሚቀጥለው እሑድ እነግርሃለሁ» በሉ፣ ደግሞም በሚቀጥለው እሑድ ንገሩት። የብዙዎችን ፍርሃት የፈታው ይህ ሕግ ነው።

ቋንቋውን ደግሞ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ብዙ ደብር ይቸገራል። ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲመልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። አስተማሪዎቹ ደግሞ እምነታቸውን የተቀበሉት በአማርኛና በግእዝ ነው። «ጸጋ»ን ወይም «ንስሐ»ን ድንገት በእንግሊዝኛ አስረዳ ቢባል ማንም ይንተባተባል። እኛ ያደረግነው ሁለት ሁለት ማጣመር ነው። አንድ ትልቅ ሰው፣ አንድ እዚሁ ያደገ ወጣት። ያቺን እህት ያጣመርኳት ከአንዲት የ17 ዓመት ልጅ ጋር ነው።

አንድ እሑድ በራቸው ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። አንድ የ6 ዓመት ልጅ ጫማውን እያየ «ለምንድነው የምናወልቀው? ትምህርት ቤት እኮ አናወልቅም» አለ፣ በእንግሊዝኛ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እህት ወጣቷን አየቻት፣ ወጣቷም እሷን። ከዚያ እህት በአማርኛ ጀመረች። ሙሴ በጎቹን ሲጠብቅ እሳት የሚነድበት ግን የማይቃጠል ቁጥቋጦ አየ። እግዚአብሔር የቆምክባት ቦታ የተቀደሰች ናትና ጫማህን አውልቅ አለው። ወጣቷ ከሥር ከሥር ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። ልጁ ጫማዎቹን አንሥቶ አስተካክሎ ደረደራቸው። በሳምንቱ የጓደኞቹንም ሲደረድር አየሁት። «አላውቅም» ያለችው እህት ያን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀው ነበር። የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነው።

ያልተጠበቀው ፈተና የወንጀል ታሪክ ማጣሪያው ሆነ። በምንኖርበት አገር ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው፣ በፈቃደኝነት ቢሆን እንኳ፣ ቅጽ ሞልቶ መጣራት አለበት። ይህን ስናገር ሁለት ታላላቆቻችን ከፋቸው። «በእግዚአብሔር ቤት እንጠረጠራለን እንዴ?» አሉ። መልስ አጥቼ ቆምኩ። ቀሲስ ምንም ሳይሉ ቅጹን ተቀበሉኝና በዚያው ጠረጴዛ ላይ የራሳቸውን ስም ሞሉ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። አብሮም ሌላ ሥርዓት ተከልን። አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከልጆች ጋር በዝግ ክፍል አይቀመጥም። ሁልጊዜ ሁለት ነን፣ በሩም ክፍት ነው። ይህን ለመምህራኑም ስል እወደዋለሁ፤ ከከንቱ ሐሜት ይጠብቃቸዋል። እባካችሁ፣ በየደብራችሁ ይህን «ለፈረንጅ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ተራውን በሁለት ሳምንት አንዴ አደረግነው። አንዱ ጥንድ ሲያስተምር ሌላው ቅዳሴውን ረጋ ብሎ ያስቀድሳል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ አይደለም። ሰው ልጆች እያስተማረ ስብከቱ ካመለጠው፣ ወራት ሲቆጠር ውስጡ ይደርቃል። ያ ዲያቆን የደከመው ሥራ ስለበዛበት ብቻ ነው ብዬ አላስብም። አጠገቡ ሰው ስላልነበረ ነው።

የዓመቱንም አቆጣጠር ተማርንበት። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ወደ እንቁጣጣሽ ግድም ስለሆነ የእኛንም ክፍል መስከረም ላይ መጀመር ተስማማን። ገና ታኅሣሥ 29 ወይም ጥምቀት ጥር 11 በሥራ ቀን ሲውል ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ስለዚህ የበዓሉን ትምህርት ከፊቱ ባለው እሑድ እንሰጣለን። በበጋው ዕረፍት ግን አስተማሪም ተማሪም ይበተናል። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ስለምን ስዳከም ከረምኩ። በሁለተኛው ዓመት ሐምሌን ሙሉ ዘጋሁና የፍልሰታን 15 ቀን ያዝኩ። ልጆቹ ዕረፍት ላይ ናቸው፣ ወላጆችም ለውዳሴ ማርያሙና ለቅዳሴው ይመጣሉ። በእነዚያ ቀናት ልጆቹ የያዙት ዜማ ከወራት እሑዶች ይበልጣል።

ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ግን እስካሁን በደንብ አልያዝናቸውም። እውነቱን መናገር አለብኝ። መጀመሪያ አንድ አዋቂ ወንድማችንን መደብን፤ ዕውቀቱ ጥልቅ ነው፣ በአማርኛ ለአንድ ሰዓት ይሰብካቸው ነበር። ከ12 ልጅ የሚመጣው 4 ብቻ ሆነ። ወላጆች ልጆቹን ተቆጡ፣ እኔ ግን ልጆቹ ላይ መፍረድ ከበደኝ። አሁን ጥያቄያቸውን ስማቸውን ሳይጽፉ በወረቀት ሳጥን ውስጥ ይከታሉ፤ ቀሲስ በወር አንዴ መጥተው ይመልሳሉ። ሰባት ስምንት ልጅ ይመጣል። «ትምህርት ቤት ጾም ላይ ነኝ ስል ይስቁብኛል፣ ምን ልበል?» የሚል ወረቀት አንዴ ወጣ። ቀሲስ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ወረቀቱን ያዙት። ከዚያ «እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ?» ብለው ለልጆቹ መለሱላቸው። ያን ቀን ሰዓቱ አልበቃም።

ዲያቆኑን ቤቱ ሄጄ አየሁት። ይቅርታ ጠየቅሁት፣ በራሴም በወላጆችም ስም። «ቂም የለኝም» አለኝ። እንዲመለስ አልለመንኩትም፣ ልጆቹ እንደናፈቁት ብቻ ነገርኩት። አሁን በወር አንድ እሑድ መጥቶ መዝሙር ያስጠናል። አንድ እሑድ ብቻ። ሁለተኛ እሑድ ልጨምር ቢል እንኳ እምቢ እለዋለሁ።

ትናንት ማታ፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ስልኬ ጮኸ። ያቺ እህት ናት፣ ከሥራ ቦታ በድምፅ ልካልኝ። ከኋላዋ የአልጋ ደወል ይሰማል።

«እህቴ፣ ነገ ከዚሁ በቀጥታ ነው የምመጣው። የ‹ጸ›ን ካርድ አንቺ ያዢልኝ፣ እኔ ቤት አልገባም። ደግሞ ያ ጫማ ደርዳሪው ‹የጸሎቱ ጸ ነው ወይስ የፀሐዩ?› ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ቀሲስን ጠይቄያቸዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ።»