ዓርብ ማታ ኢንዴክስ መጨመር

ስታርታፕ ውስጥ የዳታቤዝ ባለሙያ የሚባል ሰው የለም፤ ኮዱን የጻፈው ነው ሁሉንም የሚነካካው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ትልቅ ቴብል (የዳታ ሰንጠረዥ) ካላችሁ፣ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፈጥን ማውጫ) ለመጨመር ዝም ብላችሁ "ክሪኤት ኢንዴክስ" አትበሉ። ተሠርቶ እስኪያልቅ ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ ግን ይቆማል፤ ተጠቃሚው "መዝግብ" የምትለዋን ተጭኖ ክቧ ስትሽከረከር ያያል። "ኮንከረንትሊ" የምትል ቃል ጨምሩበት። ይዘገያል እንጂ መጻፍን አያግድም። ችግሩ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ወይ ምንም ሆነው የሚፈጸሙ ትእዛዞች ጥቅል) ውስጥ አይሠራም፣ ብዙ የማይግሬሽን (የዳታቤዝ መዋቅር መቀየሪያ) መሣሪያዎች ደግሞ ሳይጠይቁ በትራንዛክሽን ይጠቀልሉታል። መጠቅለሉን አጥፉት። መሃል ላይ ከከሸፈ "ኢንቫሊድ" ኢንዴክስ ጥሎላችሁ ይሄዳል፦ ፍለጋ አያፈጥንም፣ ዳታ በተጻፈ ቁጥር ግን ሸክም ነው። ድሮፕ አድርጋችሁ (ሰርዛችሁ) እንደገና ሥሩት።

እስኪያልቅ የሙላቱ አስታጥቄ ቪብራፎን ጆሮ ላይ። ግጥም ያለው ዘፈን ሎግ (ሲስተሙ የሚጽፈውን መዝገብ) ከማንበብ ጋር ይጣላል፣ ቢያንስ እኔ ጋ።