ሚክስ ለጀማሪ፦ ከፕለጊን በፊት ፌደር

ሐዋሳ ላይ ላፕቶፕና ሄድፎን ይዞ ዘፈን ሚክስ ማድረግ (ለየብቻ የተቀዱትን ድምፆች ማዋሃድ) የጀመረ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛውን ፕለጊን (ድምፅ የሚያስተካክል ተጨማሪ ፕሮግራም) ልጫን?» ብሎ ነው። ምንም አትጫኑ። የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራማችሁ ሪፐርም ሆነ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ወይም ኩቤዝ፣ ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው ኢኩዌላይዘር (ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማስተካከያ)፣ ኮምፕሬሰር (የጮኸውን የሚቀንስ)፣ ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) እና ዲሌይ (ማሚቶ) ለረጅም ጊዜ ይበቃል። ክራክ የተደረገ ፕለጊን ፍለጋ ማደር ትርፉ ቫይረስ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከፌደር፣ ማለትም የእያንዳንዱን ትራክ (ለብቻው የተቀዳ ድምፅ) ከፍታ ከሚያወጣና ከሚያወርድ ማንሸራተቻ ነው። ሁሉንም አውርዱና የድምጻዊውን ትራክ ብቻ አንሱ። ከዚያ ከበሮውን ወይም ድራሙን፣ ቤዝ ጊታሩን፣ ኪቦርዱን፣ ክራሩንና ማሲንቆውን በተራ ጨምሩ። የአንዱ ትራክ አማካይ ድምፅ -18 ዴሲቤል አካባቢ፣ ሁሉም አብሮ ሲጫወት ደግሞ ማስተሩ (የሁሉም ድምር የሚወጣበት) ላይ ከፍተኛው ጫፍ -6 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጣሪያው 0 ነው። ቀረጻው ራሱ በጣም ጮኾ ከመጣ ፌደሩን ሳይሆን የክሊፑን ጌይን (የቀረጻውን የራሱን ከፍታ) ቀንሱ፤ ኮምፕሬሰሩ የሚሰማው ከፌደሩ በፊት ያለውን ድምፅ ስለሆነ ፌደር መቀነሱ አያድነውም። ድምጻዊው፣ ቤዙና ኪኩ (የድራሙ ትልቁ ከበሮ) መሃል ይቀመጡ፤ ክራሩን ትንሽ ወደ ግራ፣ ኪቦርዱን ትንሽ ወደ ቀኝ። እዚህ ላይ ዘፈኑ ዘፈን ካልመሰለ ምንም ፕለጊን ዘፈን አያደርገውም።

ኢኩዌላይዘር ስትከፍቱ ከመጨመር መቀነስ ይቅደም። የእኛ ሀገር ቅንብር ላይ ትልቁ ችግር የኪቦርዱ ግራ እጅ ነው፤ ቤዝ ጊታሩ የሚጫወተውን ኖታ ደግሞ ይጫወትና ታችኛው ክፍል ይታፈናል። ኪቦርዱን ከ150 ሄርዝ በታች ቁረጡት (የሄርዝ ቁጥር ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)። ድምጻዊውን ከ80 እስከ 100 ሄርዝ በታች ቁረጡ። ማሲንቆ ድምጻዊውን እግር በእግር ስለሚከተል ከእሱ ጋር ቦታ ይሻማል፤ ግጥሙ በሚዘፈንበት ቦታ ብቻ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሄርዝ መካከል 2 ወይም 3 ዴሲቤል በአውቶሜሽን (ፕሮግራሙ በየቦታው ራሱ እንዲለውጠው በማድረግ) አውርዱለት፣ ማሲንቆው ለዘፋኙ በሚመልስበት ቦታ ወደነበረበት መልሱለት። ለዘለቄታው ከቆረጣችሁት ማሲንቆ መሆኑ ይቀራል።

ኮምፕሬሰር ላይ ዩቲዩብ የሚሰጠው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ለተዘፈነ ድምፅ ነው። አማርኛ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ቀ አለው። እነዚህ ፊደሎች ከሳንባ በሚመጣ አየር ስለማይነገሩ ማይኩ ላይ «ጡብ» የሚል ንፋስ አይፈጥሩም፣ ፖፕ ፊልተርም (ማይኩ ፊት የሚቆመው የንፋስ መከላከያ) አያስቆማቸውም፤ አጭርና ሹል ጠቅታ ናቸው። አታኩ (ኮምፕሬሰሩ ድምፁን ለመያዝ የሚወስደው ጊዜ) 1 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ «ጠይም» የሚለው ቃል ላይ ጠ-ን ይይዝና ተከትሎት የሚመጣውን አናባቢ አብሮ ያሰምጠዋል፤ አድማጩ ቃሉን ግማሹን ብቻ ይሰማል። መፍትሔው፦ መጀመሪያ የጮኸችውን ፊደል ብቻ በክሊፕ ጌይን 3 ዴሲቤል ያህል አውርዱ፣ ከዚያ ሬሾ (የመቀነሻ መጠን) 3 ለ 1፣ አታክ ከ10 እስከ 15፣ ሪሊዝ (ለመልቀቅ የሚወስደው ጊዜ) 80 ሚሊ ሰከንድ አድርጉ። የኮምፕሬሰሩ መለኪያ መርፌ ከ5 ዴሲቤል በላይ ከወረደ አብዝታችኋል።

አውቶ ቲዩንም (የሳተ ኖታን የሚያርመው ፕለጊን) እንደዚያው ነው። ዘፈኑ ትዝታ ከሆነ የቅኝቱን አምስት ኖታዎች ብቻ አብሩ፤ አስራ ሁለቱንም ከተዋችሁት ቅላጼው ሲንሸራተት መሃል ላይ ያለ ኖታ ይይዘዋል። ፍጥነቱን ዝግ አድርጉት፣ አለበለዚያ እንጉርጉሮው ይሰባበራል።

ዲሌይ ላይ የብዙዎች ችክችካ የሚበላሸው ፕሮግራሙ በ4/4 (በአራት ምት አቆጣጠር) ስለሚከፈት ነው። ወደ 6/8 (ሁለት ምት፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት) ቀይሩት። እግር የሚመታው ምት በደቂቃ 120 ከሆነ፣ ቴምፖን በሩብ ኖታ የሚቆጥር ፕሮግራም ላይ 180 ተብሎ ይጻፋል። አንዱ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ውስጡ ሦስት እኩል ቦታ አለ፣ እያንዳንዱ 167 ገደማ። ዲሌዩን 250 ላይ ካስቀመጣችሁት ማሚቶው ከሦስቱ ከአንዱም ጋር ሳይገጥም መሃል ላይ ይወድቅና ጭብጨባውን ያደናቅፋል። 167፣ 333 ወይም 500 ተጠቀሙ። ለሌላ ፍጥነት 60,000ን ለምቱ ቁጥር፣ ውጤቱን ደግሞ ለ3 አካፍሉ። ሪቨርቡ ውስጥ የሚገባውን ከ250 ሄርዝ በታች ቁረጡ፤ ፈጣን ዘፈን ላይ ርዝመቱ ከ1.2 ሰከንድ አይለፍ።

ክፍላችሁ 3 በ3 ሜትር ከሆነ፣ የብሎኬት ግድግዳው 57 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያስተጋባል። ግድግዳ ሥር ቤዙ ይገዝፋል፣ ልክ መሃል ስትቀመጡ ይጠፋል፤ የጠፋ መስሏችሁ ትጨምሩታላችሁ፣ ሌላ ቤት ሲከፈት ጣሪያ ያንቀጠቅጣል። ወንበሩን ከፊት ለፊቱ ግድግዳ የክፍሉን አንድ ሦስተኛ ያህል አርቁ። ጋቢ እና የስፖንጅ ፍራሽ ቀጭኑን ማሚቶ ይውጣል እንጂ ይህንን አይነካም፤ ስለዚህ ቤዙን በሄድፎን አረጋግጡ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ማይክ አትክፈቱ፣ ኋላ የሚያጸዳው ነገር የለም።

ሲያልቅ ባጃጅ ውስጥ አስከፍቱት። ትንንሽ ስፒከሮች ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጡም፣ ቤዝ ጊታሩ የጠፋ ይመስላል። 60 ሄርዝን አትጨምሩ፤ ቤዙ ላይ ጥቂት ሳቹሬሽን (ድምፁን በትንሹ የሚያሻክር) አድርጉ ወይም 800 ሄርዝ አካባቢ 2 ዴሲቤል አንሱ፣ ጣት ክር ሲነካ የሚሰማው እዚያ ነው። አንዴም በሞኖ (ግራና ቀኙ ወደ አንድ ተጠቃልሎ) ስሙት። በዋይድነር (ድምፁን ወደ ግራና ቀኝ በሚያሰፋ ፕለጊን) የተለጠጠ ኪቦርድ ሞኖ ላይ ሊሟሽሽ ይችላል።

የመጨረሻውን በዌቭ፣ በ24 ቢት፣ ጫፉን -1 ላይ አድርጋችሁ አውጡ። ዩቲዩብ ከ-14 ሉፍስ (የአማካይ ጩኸት መለኪያ) በላይ የጮኸውን ራሱ ስለሚቀንሰው በሊሚተር (ጫፉን በሚያግድ ፕለጊን) መጨፍለቁ ጥቅም የለውም። ቴሌግራም ላይ ስትልኩ በፋይል አያይዙት። ድምጻዊው 1 ዴሲቤል ከፍ ያለበትን ሁለተኛ ቅጂም አብራችሁ አዘጋጁ፤ «ድምፄ አልተሰማም» የሚል ስልክ መምጣቱ አይቀርም።