ሐረጎን ማን ያወርድሻል?

ደሴ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ኮምቦልቻ ጉዳይ አያጣም። እኔ ጨርቅ ነው የምሸጠው፤ እቃ ለማምጣት ወደዚያ መውረድ ግዴታዬ ነው። ሰኞ ሲሆን ደግሞ ባቲ ገበያ አለ፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ የሚገናኝበት፣ ሻሽና ሽርጥ ይዞ የደረሰ ነጋዴ ባዶ እጁን የማይመለስበት ገበያ። ይህን ሁሉ ለዓመታት የሠራሁት በሰው መኪና ነው። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ እያስጫንኩ፣ ከረዳት ጋር እየተጨቃጨቅሁ፣ ዝናብ ሲጥል ሸራው ተጎትቷል አልተጎተተም እያልኩ ስሳቀቅ። ያገኘሁትን ትርፍ ደግሞ ኪራዩ ይበላዋል።

ታዲያ መንዳት ለምን አትማሪም ሲሉኝ መልሱ አፌ ላይ ነበር። "እኔ እኮ መኪና አይሆንልኝም።" በቃ፣ እዚያ ላይ ወሬው ያልቃል። ማን እንደነገረኝ አላውቅም። መቼ ሞክሬ እንዳቃተኝም አላውቅም፤ ምክንያቱም መሪ ጨብጬ አላውቅም ነበር! ግን ስሜንና የሰፈሬን ስም እንደምናገር በእርግጠኝነት ነበር የምናገረው። አንድ ቀን ቡና ላይ ነገሩ ሲነሳ አንዷ ጎረቤቴ "ደሞ ብትማሪስ፣ ሐረጎን ማን ያወርድሻል?" አለችና ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ሐረጎን ለማታውቁት፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ቁልቁለት ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ ከፍታ የምትወርዱት ኩርባ በኩርባ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና መብራት እንጂ ገላው አይታይም። በዚያ ላይ ከኮምቦልቻ በሚሌ ወደ ጅቡቲ የሚሄዱና የሚመለሱ ከባድ መኪኖች አሉ። ተሳቢያቸው ኩርባው ላይ የእናንተን መንገድ ጭምር ይዞ ነው የሚዞረው። ያስፈራል። አያስፈራም የሚል ሰው ወይ አልነዳበትም ወይ ይዋሻል።

እኔ ግን የፈራሁት ገደሉን አልነበረም። ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። እኔ የፈራሁት ፒያሳ ዳገት ላይ ሞተር ጠፍቶብኝ፣ ከኋላዬ የባጃጅ መዓት ክላክስ እያደረገ፣ ከግራና ከቀኝ ደንበኞቼ ቆመው ሲያዩኝ ነው። ገደል ብገባ አንዴ ነው። ፒያሳ ላይ ያየኝ ሰው ግን ነገ ሱቄ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ቡና እንጠጣለን፣ የልጅ ሠርግ ላይ እንገናኛለን። ከሞት ይልቅ ወሬ የሚያስፈራው እንደኔ ያለ ሰው ወሎ ውስጥ ብዙ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ሰው እንዲህ ያለች አንዲት አረፍተ ነገር አለችው። "ሒሳብ አይገባኝም።" "እንግሊዝኛ ለእኔ አልተፈጠረም።" "ንግድ የኛ ቤት ሰው ሥራ አይደለም።" ድምፅዋ አምባሰልን የምታስለቅስ ጓደኛ አለችኝ፤ ከቤት ውጭ ግን አትዘፍንም፣ "እኔማ ለጨዋታ ነው" ትላለች። የሚገርመው ደግሞ ይህን የሚል ሰው ይመሰገናል። በእኛ ዘንድ "አልችልም" ያለ ጨዋ ነው፤ "እችላለሁ" ያለ ጉረኛ ነው። ስለዚህ ፍርሃታችን የጨዋነት ልብስ ለብሶ እስከ እርጅና ድረስ አብሮን ይኖራል፣ ማንም ምን ትሠራለህ ብሎ አይጠይቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ግፍ ነው። ገደብ ሁሉ ራሳችን የሠራነው አይደለም። በ2014 ጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ ሲያልፍ ሱቁ ባዶ የቀረበት ሰው ስንት ነው። ካፒታሉን በአንድ ሳምንት ያጣን ሰው "አስተሳሰብህን ቀይር" ማለት ነውር ነው። ያ ሰው የሚያስፈልገው ብድር ነው፣ ጊዜ ነው፣ ሰላም ነው። አንዳንድ አነቃቂ ተናጋሪዎች ይህን አይለዩም፤ የእነሱ ንግግር ብዙም የማይጥመኝ ለዚህ ነው። እኔ የማወራው ማንም ሳይዘጋው እኛው ገብተን ከውስጥ ስለቆለፍነው በር ነው።

እኔን ያነቃነቀኝ ምክር አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ሴትዮ አየሁ። በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራለች፣ ሙሉ ጭነት ያለው አይሱዙ ወደ ኋላ እየነዳች መጋዘን በር ላይ ታስጠጋለች። ማንም አላጨበጨበላትም። አንድ ወዛደር ብቻ "ነይ፣ ነይ፣ በቃ!" ይላታል። ወርዳ ሒሳቧን ተቀበለችና ሄደች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ያን ጊዜ "አይሆንልኝም" የምትለዋ ነገር ትንሽ አፈረች መሰለኝ።

በኋላ ሳነብ አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በ1977 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፎት አገኘሁ። ሰው "እችላለሁ" የሚለውን እምነት ከአራት ቦታ ያገኘዋል ይላል፦ ራሱ ሠርቶ ካየው፣ እሱን የሚመስል ሰው ሲሠራ ካየው፣ ሌሎች ከሚነግሩት፣ እና ሰውነቱ ከሚሰማው ስሜት። ከሁሉም የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። ሰው የሚነግራችሁ ነገር ደካማ ነው፣ የመጀመሪያው ችግር ሲመጣ ይተናል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ "ትችያለሽ" ብሎ ከመለጠፍ ይልቅ እናንተን የሚመስል ሰው የሚሠራበት ቦታ ሄዶ መቆም ይሻላል። ከእናንተ በጣም የራቀ ሰው አይጠቅምም። አውሮፕላን አብራሪ ሴት በቴሌቪዥን ብዙ አይቻለሁ፣ ኮርቻለሁም፤ መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ተመዘገብኩ። አስተማሪዬ በዕድሜ የገፉ፣ ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩ ሰው ናቸው። በአሮጌ ዲኤክስ መጀመሪያ ወደ ቦሩ ሜዳ አቅጣጫ፣ ሜዳው ላይ አሠለጠኑኝ። (አፄ ዮሐንስ በ1870 ሊቃውንቱን ሰብስበው ያከራከሩበት ቦሩ ሜዳ ነው። እኔ እዚያ ከፍሪሲዮን ጋር ስከራከር ከረምኩ።) ሜዳ ላይ ጎበዝ ሆንኩ። ማርሽ አስገባለሁ፣ እዞራለሁ፣ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ደስ አለኝና ከዚያ መውጣት አልፈለግሁም። "ነገ ደግሞ እዚሁ እንለማመድ ጋሼ" እላለሁ። "ትንሽ ይቅረኝ፣ በደንብ ልቻለው።" እሳቸው ታገሱኝ፣ ታገሱኝና አንድ ቀን "እዚህማ ጎበዝ ነሽ፤ ሱቅሽ ግን እዚህ አይደለም" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ከተማ።

ይህ የመለማመድ ነገር አደገኛ ነው፣ ስንት ሰው እዚያ ላይ ቀርቷል መሰላችሁ። "ገና እየተዘጋጀሁ ነው" የሚል ሰው አልፈራም፣ ትጉህ ነው ተብሎ ይታሰባል። ለፈተና የሚያጠና፣ ሥራ ለመጀመር አንድ ተጨማሪ ኮርስ የሚወስድ፣ ለብድር ማመልከቻ አንድ ወረቀት የሚጎድለው። ማንም የማያይበት ሜዳ ላይ እድሜ ልክ መንዳት ይቻላል።

የፈራሁት ደረሰ። ፒያሳ፣ ዳገቱ ላይ፣ በገበያ ሰዓት፣ ሞተሩ ጠፋ። አስነሳሁት፣ ጠፋ። ፍሬን ለቅቄ ወደ ኋላ ስንሸራተት ባጃጆቹ ክላክሳቸውን አንድ ላይ ለቀቁት። አንዱ ጎረምሳ ሮጦ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀልኝ። አንዲት እናት "አላህ ይጠብቅሽ ልጄ" አሉ፣ ሌላዋ ከማዶ "አይዞሽ፣ እመቤቴ ትከተልሽ" አሉኝ። ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሳቁብኝም አሉ፣ መሳቅ መብታቸው ነው። ጋሼ ምንም አልተቆጡም። "ፍሪሲዮኑን ቀስ፣ ሲንቀጠቀጥ ያዢው፣ አሁን ነዳጅ።" ወጣን።

ማታ ቡና ላይ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ጥቂት ቀን የሰፈሩ ጨዋታ እኔ ነበርኩ። ከዚያ የአንዱ ልጅ ሠርግ ተሰረዘና እኔን የሚያስታውስ ጠፋ!

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ቲሸርት አስለብሰው ሰው የተሰበሰበበት ክፍል አስገቧቸው። ከዚያ "ስንቱ ሰው ቲሸርትህን ያየው ይመስልሃል?" ብለው ጠየቁ። ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ አይቶኛል አሉ። በእውነት ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ጥናቱ ጥሩ ነው፣ ግን ደሴ ላይ ቢሠሩት ኖሮ ሌላ ነገር ያገኙ ነበር ባይ ነኝ። እዚህ ሰው ያያል። ሩቡም ግማሹም አይደለም፣ ሁሉም ያያል፣ ያላየውም ይነገረዋል። ልዩነቱ ግን ማየቱ ላይ አይደለም። ሰው አይቶም የራሱ ጣጣ አለበት፣ የእናንተን ውድቀት ይዞ የሚዞርበት ጊዜ የለውም። የሚያስታውሰው የወደቀው ሰው ራሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ "አትፍሩ" አይደለም። መፍራታችሁ ካልቀረ ነገሩ ትንሽ ሳለ ሰው ይያችሁ ነው የምለው። ሞተር ማጥፋት በዲኤክስ ሲሆን ቀላል ነው፤ ድንጋይ የሚወሽቅ ልጅ አይጠፋም።

ማሞ ወልዴን እናውቃለን፣ ወርቁን ማለቴ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ፣ በ1956 እ.ኤ.አ.፣ ማሞ 800 እና 1,500 ሜትር እንደሮጠና በምድቡ መጨረሻ እንደወጣ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ዓለም እያየው፣ መጨረሻ። በ1960 ሮም ላይ አልነበረም። በ1964 ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ፣ ያውም ከሜዳልያ ለጥቂት ቀርቶ። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በ10,000 ብር አገኘ፤ አበበ ቢቂላ በጉዳት ባቋረጠው ማራቶን ደግሞ ወርቁን ወሰደ፣ 36 ዓመቱ ነበር። በ1972 ሙኒክ ላይም ነሐስ ጨመረ። እኔን የሚገርመኝ ወርቁ ሳይሆን ርቀት መቀየሩ ነው። 800 አልሆነም፤ "ሩጫ አይሆንልኝም" አላለም፣ ረጅሙን ሞከረ። አንድ በር አልከፈት ሲል ቤቱን ሁሉ የምንተው ብዙ ነን።

የተግባር ፈተናውን መጀመሪያ ወደቅሁ። እንጨቶቹ መካከል ወደ ኋላ ሳቆም አንዱን ጣልኩት። ከጎኔ አብሮኝ የወደቀ ወጣት "ሁለተኛ አልመጣም፣ ሙያው የኔ አይደለም" ብሎ ሄደ፤ ከአንዲት እንጨት ተነስቶ እድሜ ልኩን ወሰነ። እኔ ከፒያሳው በኋላ እንጨት ብዙም አላስደነገጠኝም። ደግሜ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ።

ሐረጎስ? ወረድኩ እንጂ። ወንድሜ ከጎኔ ተቀምጦ፣ የበር እጀታውን ጨብጦ፣ እየጸለየ። ጋሼ የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፦ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት በከባድ ማርሽ ግቢ፣ መኪናው በሞተር ይያዝ፣ ፍሬን ላይ ተኝተሽ አትውረጂ፤ ፍሬን ከጋለ ይከዳሻል። ይህን የሚያስደርግ ፍርሃት እወዳለሁ፣ አሁንም አለኝ፣ ጉም ሲኖር ቆሜ እጠብቃለሁ። እቤት ቁጭ በይ የሚለኝን ነው የተጣላሁት። ኮምቦልቻ ስንደርስ ወንድሜ እጁ ደንዝዞ በሩን መክፈት አቅቶት ሳቅን።

አሁን መኪና ተከራይቼ፣ ራሴው እየነዳሁ ባቲ እወርዳለሁ። ከትራንስፖርት ከማተርፈው ላይ እያጠራቀምኩ ነው። ደረቅ 1 መንጃ ፈቃድ ልማር አስቤያለሁ፣ አይሱዙ ለመያዝ። ማድረግ የምችል አይመስለኝም፣ ሳስበው ሆዴ ይገለባበጣል፤ ለዚያ ነው ገና ሳልመዘገብ እዚህ የምጽፈው። እናቴ ግን አልሰማችም፣ ዘመዶቼ ካነበባችሁ እባካችሁ እኔው ልንገራት።