የእንዶድ አረፋ በእንቁጣጣሽ

ወዳጆቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ! የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ጦሳ ከማለዳ ጀምሮ ጉም ለብሷል፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ጎረቤታችን ሐጂም እንደ ልማዳቸው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተው ቄጤማው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ነበር የምታስተምረው?» አሉኝ።

«የሳይንስ ታሪክ።»

«ሳይንስም ታሪክ አለው እንዴ? ዝም ብሎ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር።»

30 ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆችም አብዛኞቹ እንዲሁ ብለው ነው ክፍል የሚገቡት። መልሴን ሁሌም ከእንዶድ እጀምራለሁ።

ጳጉሜ ላይ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ጋቢና ነጠላ ተሸክመን ቦርከና እንወርድ ነበር። እናቴ እንዶዱን ስትወቅጥ አፍንጫዋን ትሸፍናለች፤ ብናኙ ያስነጥሳላ። የኔ ሥራ መርገጥ ነው። አረፋው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ እግሩ ላይ ጭረት ያለበት ልጅ ግን አይችለውም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የበሽታው ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው እዚያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። አንዷን አጣቢ ከአረፋዋ በሕይወት ያሉት ላይ ጠብ እንድታደርግ ጠየቋት። ሞቱ። ቤተ ሙከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ተማሪዎቼ ታሪኩን እዚህ ላይ ብንዘጋው ደስ ይላቸዋል። እኔን ሥራው ላይ ያቆየኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ቀንድ አውጣው ሞቷል፤ ያየ ሁሉ ያውቃል። ውጭ ግን በማን ላብራቶሪ፣ በየትኛው ደረጃ ተፈተሸ ይባላል። የመርዛማነት ምርመራው ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘብ ሰጪው ደግሞ መጀመሪያ ምርመራውን አምጡ ይላል። አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1989 ነበር። 25 ዓመት! ጥንቃቄው ሁሉ ክፋት ነው አልልም፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል፣ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ጥያቄዬ ሚዛኑን ማን ያዘው የሚለው ነው። ክርክሩ ክፍል ውስጥ አልቆ አያውቅም፤ እኔም እንዲያልቅ ፈልጌ አላውቅም።

ሐጂ ዝም ብለው ሰሙኝና ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«እኛ ልጆች ሆነን ብርብራ ወቅጠን ወንዝ ውስጥ እንጨምር ነበር። ዓሣው ይሰክራል፣ በእጅ እንለቅመዋለን። ለከብት መጠጫ ግን ከላይ በኩል ነው፤ ወደ ታች ከብት አይነዳም። እሱስ ተጽፏል?»

ከ20 ዓመት በላይ ግንብ ለግንብ ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ደብተሬን ሳወጣ ባለቤቴ «ኧረ በዓል ነው!» ብላ በረካውን ቀዳች። ሐጂ ደግሞ «አብሽር፣ ጻፍ» ይላሉ። ከላይ በኩል ሲሉ ስንት እርምጃ እንደሆነ ገና አልነገሩኝም። መልካም አዲስ ዓመት።