ሰማያዊው የት ሄደ?

ዛሬ ማታ ከአራት ዓመት ልጄ ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጠን በመጫወቻ ሊጥ ስንጫወት አመሸን። ሊጡን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ ጥቂት ዘይት፣ ውሃና የምግብ ቀለም። ጨው እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል፤ ብዙ ስለሆነ ግን ወደ አፏ እንዳታስገባው ዓይኔን ከእጇ አልነቅልም።

በመጀመሪያ ሁለት እኩል ኳሶች አድቦለቦልን፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ። ጎንበስ ብላ አስተያየቻቸውና «እኩል ናቸው» ብላ ፈረደች። ከዚያ የራሷን በመዳፏ እያሸች እንደ እባብ አስረዘመችው።

«እማዬ፣ የእኔ በለጠ!»

ምንም እንዳልጨመርንበት ነገርኳት። አልተቀበለችኝም። እባቡን መልሼ ሳድቦለቡለው «አሁን እኩል ሆነ» አለች፤ ሳስረዝመው እንደገና በለጠ። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ልጆችን በዚሁ ዓይነት የጭቃ ኳስ ይጠይቅ እንደነበርና አብዛኞቹ ልጆች ቅርጹ ቢለወጥም መጠኑ እንደማይለወጥ የሚረዱት ወደ 7 ዓመት ገደማ እንደሆነ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ከመከራከር አላገደኝም። ለሦስተኛ ጊዜ ላስረዳት ስል ፊቷን አየሁት። ሊጡን ትታ እኔን ትመለከት ነበር፤ ትክክለኛውን መልስ ከፊቴ ላይ ልታነብ። ከእጇ ያለውን ነገር ነጥቄ ወደ ራሴ አፍ እንደወሰድኩት ተሰማኝና ዝም አልኩ።

ያኔ ጣቶቿ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እባቡን ጠቅልላ ቀንድ አውጣ አደረገችው፤ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቆንጥጣ ሁለት ቀንድ አወጣችለት። ነገ እርሳስ የሚይዙት እነዚሁ ጣቶች ናቸው። እንዴት ያምር ነበር! ወዲያው ጨፈለቀችው፤ ልቤ ቢሳሳም እሷ ቅር አላላትም። መልሳ ልትሠራው እንደምትችል ታውቃለች።

ከዚያ ቢጫውንና ሰማያዊውን አንድ ላይ አሸቻቸው። መጀመሪያ ዝንጉርጉር ሆነ፣ ቀስ በቀስም አረንጓዴ። በደስታ ጮኸች። ጥቂት ቆይታ «አሁን ሰማያዊውን እናውጣው» አለች። እባቡ ወደ ኳስ ይመለስ የለ? ቀለሙም የሚመለስ መስሏታል። ቆንጥራ ፈለገችው፣ ጠፍጥፋ ፈለገችው፣ በመጨረሻም ለሁለት ገመሰችው። ውስጡም አረንጓዴ ነው።

«እማዬ፣ የት ሄደ?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። «አንቺስ የት የሄደ ይመስልሻል?» አልኳት። ሁለቱን ግማሾች ወደ መብራቱ አንሥታ ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

አሁን ተኝታለች። ሊጡን እንዳይደርቅ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ እንደ ገመሰችው፣ ግማሾቹን ሳልገጥም።