የሳጥኑ ክዳን

ዛሬ ከሰዓት ምንም አልሠራሁም። መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ቬንትሌተሩ ቆሟል። የሰኔን ድሬ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁም አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ፊታችሁን ይጋረፋል። ግቢ ያለው የኒም ዛፍ ቅጠሉ እንኳ አይነቃነቅም። ሆዴን ባር ባር ይለኛል።

"ቀለሙ ስላልደረቀ ነው" አልኩ ለራሴ።

እውነትም አልደረቀም። ጥፋቱ የኔ ነው። የዘይት ቀለም እንደታጠበ ልብስ አይደለም። ልብስ የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው። የዘይት ቀለም ግን አየር ላይ ካለው ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ነው የሚጠጥረው። ላዩ ቀድሞ ቆዳ ያወጣል፤ ውስጡ ግን ገና ለጋ ነው። በዚህ ሙቀት ወፈር አድርጋችሁ ከቀባችሁት ላዩ ይሸበሸባል፤ ልክ እንደ ወተት ስልባቦት። ለዚህ ነው ሁሌም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ስስ አድርጌ የምቀባው። ትናንት ግን ቸኮልኩ። በጠራራው 8 ሰዓት ሁለተኛውን እጅ ደረብኩበት። ዛሬ በጣቴ ብነካው አሻራዬ ቀረበት። ጎኑን በሙሉ መልሼ መፈግፈግ ሊኖርብኝ ነው።

ሳጥኑ የአዴ ፋ. ነው። አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ ደቻቱ ወንዝ ዳር ስንኖር ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን። ያዘዙኝ ልጆቿ ናቸው፣ ሦስቱም አዋጥተው። ኮንዶሚኒየም ስትገባ ብዙ ዕቃ አስጥለዋታል። አልጋውን ተወች፣ ቡፌውን ተወች። ሳጥኑን ግን "ማንም እንዳይነካብኝ" ብላ ድርቅ አለች። እነሱም ካልጣለችው ይታደስላት አሉ። "ቁልፉ ሊሠራ ነው" ብለው ዋሽተዋት በባጃጅ አመጡልኝ። ቅዳሜ ነው የሚሰጧት።

ምን እንደሚጻፍበት ለመስማማት ብቻ አንድ ምሽት ፈጀን። የትልቁ ልጇ ሚስት ያደገችው አዲስ አበባ ነው። "'ለክቡር እናታችን፣ እንወድዎታለን' በይው" አለችኝ። ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። ድሬ ላይ ማን ለማን አንቱ ይላል? አዴን አንድ ቀን አንቱ ብትሏት ምን አድርጌያችሁ ነው ብላ የምትቀየም ሴት ናት። በመጨረሻ "አዴ፣ እንወድሻለን" በሚል ተስማማን።

አበባውም ላይ ተከራክረናል። ስልክ ላይ ሮዝ ጽጌረዳ አሳዩኝ። ቆንጆ ነው፣ ግን የማንም ሊሆን ይችላል። ስጦታ ላይ ሥዕል ስሥል የምፈልገው ሰውየው ሲያየው "ይሄ የኔ ነው" እንዲል ነው። አዴ የተወለደችው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰበዝ ስፌት የተሞላ ነው። ሙሽራ ስትወጣ የእናቷን ስፌት ይዛ ነው። "የሱን ጥለት ልሥራላት?" አልኳቸው። ዝም ብለው ተያዩ፤ ከዚያ ትንሿ እንባዋ መጣ። እሺ ማለት ነው ብዬ ወሰድኩት።

በማግስቱ ደንገጎን ወጥቼ ሐረር ሄድኩ። ለአንድ ሳጥን ብዬ። ከዘመድ ቤት ግማሽ ቀን ተቀምጬ አንድ ሙዳይ ብቻ ሣልኩ። ስፌትን በቀለም ማምጣት ከባድ ነው። ስፌት መስመር የለውም፤ ያለው ጠምዘዝ ጠምዘዝ ያለ ትንንሽ ሰበዝ ነው። በአንድ ወጥ መስመር ከሣላችሁት ምንጣፍ ይመስላል። ጠርዙን በፕላስተር እያጠርኩ፣ በቀጭኗ ብሩሽ ሰረዝ በሰረዝ እየነካሁ፣ እያንዳንዱን ሰረዝ ትንሽ ወደ ጎን እያዘነበልኩ ሳየው ነው መምሰል የጀመረው። ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ጥቂት ወይን ጠጅ። ሽፋኑን ጨርሻለሁ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

ከዚያ በፊት ግን መፈግፈግ ነበረ። ድሮ የተቀባ ዕቃ ደረቁን አልፈገፍግም። በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ አይጠፋም፤ ያ ከባዱ ብረት። አቧራው ከተተነፈሰ መርዝ ነው፣ በልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። አሁን አዲስ ቀለም ላይ በሕግ ገደብ አለ፣ 90 ፒፒኤም፤ ከሚሊዮን እጅ ዘጠና እጅ ማለት ነው። ይሄ ሳጥን ግን ገደብ ሳይመጣ የተቀባ ነው። ስለዚህ አፌንና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ሕፃኗን ከግቢ አስወጥቼ፣ ውሃ እያርከፈከፍኩ ነው በብርጭቆ ወረቀት የማሸው።

መጀመሪያ አረንጓዴው ለቀቀ። ሥሩ ክሬም ነበር። ከክሬሙ ሥር ደግሞ ጣውላው ላይ በጥቁር የታተመ የፈረንጅ ፊደል ብቅ አለ፤ ግማሹ ተቆርጦ የለም። የጭነት ሳጥን እንጨት መሆን አለበት። አናጢው ፈታትቶ ነው የሠራው። ከታች፣ ከሳጥኑ ግርጌ አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን የዞረ ቡናማ መስመር አለ። እሱን አውቀዋለሁ። ማንም የደቻቱ ሰው ያውቀዋል። የ1998 ሐምሌ መጨረሻ ነው። ያ ጎርፍ በሌሊት የገባ ጊዜ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። አዴ ሳጥኑን አልጋ ላይ ሰቅላ ነው ከቤት የወጣችው፤ ውሃው ግን አልጋውንም አልፎ ደርሶበታል። በቢላ ጫፍ መጋጠሚያውን ስጭር ደቃቅ አሸዋ ወጣ። የዚያን ሌሊት አሸዋ። በወረቀት ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ልጆቿ "ውስጡንም ነጭ አድርጊልን" ብለውኝ ነበር። ትናንት ከሰዓት፣ ያንን የጠራራ ቀለም ቀብቼ ስጨርስ፣ ለነገ ላዘጋጀው ብዬ ክዳኑን ከፈትኩት።

የክዳኑ ውስጥ ተጽፎበታል። በእርሳስ፤ በመጻፊያው ማለቴ ነው። በአማርኛ ሁለቱንም እርሳስ እንላቸዋለን፤ መጻፊያው ውስጥ ግን ያ ብረት የለበትም፣ ግራፋይት ነው። ምንም የማይጎዳ ነገር። ከላይ እስከ ታች በሦስት ዓምድ የተሞላ ነው። ስም፣ ዕቃ፣ ብር።

የዱቤ መዝገብ።

አዴ ትነግድ ነበር። በባቡሩ ጊዜ ከጅቡቲ የሚመጣውን ነገር ሁሉ ታመጣለች። ሽቶ፣ ሽርጥ፣ ጨርቅ፣ ቴርሞስ፣ ጫማ። ሱቅ አልነበራትም፤ ሳጥኑ ነበር ሱቋ። እናቶቻችን በየተራ እየመጡ እሱ ፊት ቁጢጥ ይላሉ። ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ ነው፤ የአዲስ ጨርቅና የሳሙና። ለልጅ ጫማ የሚገዛ ከሆነ ልጁን አታስጠራውም። ከጉያዋ ክር ታወጣና "ሂጂ በዚህ እግሩን ለኪና አምጪው" ትላለች። ክሩ ላይ ቋጠሮ ትቋጥራለች። በቀጣዩ ባቡር ልክክ የሚል ጫማ ይመጣል።

እና ክዳኑ ላይ የሰፈሩ እናቶች በሙሉ አሉ። ማንም በገዛ ስሟ አልተጻፈችም፤ ሁሉም በበኩር ልጇ ስም ነው። የእገሌ እናት፣ የእገሊት እናት። ብዙዎቹ ላይ መስመር ተሰርዟል። ሲከፍሉ ነው እንግዲህ። ጠንከር ያለ፣ ቀጥ ያለ መስመር። ያልተሰረዙ ሰባት ቆጠርኩ።

አምስተኛው ላይ የወንድሜ ስም አለ። የሰ. እናት። ሸራ ጫማ 1። 15። መስከረም 83።

የእጅ ጽሑፉን አየሁት፣ እንደገና አየሁት። በስልኬ መብራት ተጠግቼ አየሁት። መስመር የለውም። ተሰርዞ የደበዘዘ ይሆናል ብዬ ከጎን አዘንብዬም አየሁ። ምንም የለም።

15 ብር ዛሬ ምንም አይደለም። አንድ ማኪያቶ አይገዛም። በ83 ግን ዶላር በባንክ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። 15 ብር እኛ ቤት ብዙ ነገር ነበር። አባባ ከታመመ በኋላ ያለው ዓመት ነው። እማዬ ቆጥባ ቆጥባ የምታድርበት ጊዜ። ግን እማዬ ዕዳ ያለባት ሴት አትመስለኝም ነበር። ሰው ቤት ሻይ እንኳ ስትጠጣ በማግስቱ ስኳር ይዛ የምትሄድ ናት። የዕድር ብሯን ከአስቤዛ በፊት ነበር የምታወጣው። እንዴት ረሳችው? ረሳችው ወይስ አጣችው? ወይስ ከፍላ አዴ መሰረዙን ረስታ ነው?

ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እማዬ ያረፈች ጊዜ አዴ ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ከአጠገቤ አልተነሳችም። ጀበናውን እሷ ነበረች የምታፈላው። በእነ አዴ ደንብ፣ በእስልምናው፣ ሰው ሲሞት ዕዳ ያለበት እንደሆነ ይጠየቃል፤ ቤተሰብ "ያለበትን ንገሩን" ይላል፣ ባለገንዘብም ወይ ይናገራል ወይ አፉ ይላል። እኛ አልጠየቅንም። እሷም አልተናገረችም። አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ ያ ቁጥር ትዝ ብሏት ነበር? በልቧ "አፉ ብያታለሁ" ብላ ይሆን? ወይስ ከነጭራሹ ረስታዋለች?

ከረሳችው ግን ሳጥኑን ለምን "ማንም እንዳይነካብኝ" አለች?

አሁን ቀለሙን ትቼዋለሁ። አሻራዬም እዚያው ጎኑ ላይ እንዳለ ነው። የማስበው ነጩን ብቻ ነው። አንድ እጅ ፕራይመር፣ ሁለት እጅ ነጭ፣ አለቀ። የሰፈሩ እናቶች በሙሉ ከሥሩ ይቀራሉ። ግማሾቹ የሉም ዛሬ። ስማቸው በዚያ መልክ የተጻፈበት ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ቫርኒሽ ልቀባበት ብልም ብሩሹ እርሳሱን ይዞት ይሄዳል፤ ጠርዙ ላይ ሞክሬው ግራጫ ሆነብኝ። እንዳለ መተው ነው ያለው። ግን ልጆቹ ከፍለውኛል፣ ግማሹን ቀብድ ሰጥተውኛል፤ ነጭ ብለውኛል። ልንገራቸው? ከነገርኳቸው ያነቡታል። ካነበቡት አምስተኛውን መስመርም ያነቡታል። የእናቴን።

ይህን ስጽፍ አፈርኩ። በእማዬ አይደለም፤ እሱን ለመደበቅ ነጭ ቀለም ስለፈለግሁ ነው። ለአፍታ ፈልጌያለሁ። ቆርቆሮውን ከፍቼ ብሩሹን ነክሬ ነበር። መልሼ አጠብኩት።

ቀሪውን ብር አልቀበልም ማለትም ይቻላል። ግን ለምን ሲሉኝ ምን ልል ነው? ወይ በቀጥታ አዴ ዘንድ ሄጄ "እማዬ ያለባትን ይዤ መጣሁ" ልበላት? ስንት ይዤ? 15 ብር ይዞ መሄድ ስድብ ነው። አብዝቶ መውሰድም ስድብ ነው። እሷን አውቃታለሁ፤ ትቆጣኛለች። ከዚያም አቅፋ ታለቅሳለች። ስጦታው ደግሞ ከቅዳሜ በፊት ይጋለጣል።

ጨነቀኝና ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እሱ ዛሬም በምሳ ሰዓቱ ነው የሚያነሳልኝ።

"አንተ፣ ከአዴ ፋ. የተገዛው ሸራ ጫማህ ትዝ ይልሃል? መስከረም 83።"

ትንሽ ዝም አለ።

"ሰማያዊው?"

"አዎ፣ ሰማያዊው። ለአምስተኛ ክፍል የተገዛልህ። ሲጠብህ ለኔ የደረሰው።"

"ምን ማለትሽ ነው?" አለኝ። "ያ ያንቺ ነው እንጂ። አንደኛ ክፍል ስትገቢ የተገዛልሽ። እኔማ በዚያ ዓመት የአባባን ጫማ ነው አድርጌ የሄድኩት፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄ።"

አይደለም አልኩት። ነው አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ጫማ የሱ ቅሪት አድርጌ ነው የማስታውሰው። ሰፍቶኝ ተረከዙ ሲያጨበጭብ ሁሉ ትዝ ይለኛል። እሱ ደግሞ እማዬ ከትምህርት ቤት በር ላይ ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን ስታስርልኝ ትዝ ይለዋል። የአንደኛ ክፍሉን ፎቶ አውጥቼ አየሁት። እስከ ጉልበት ነው የተነሳነው። እግር የለውም።

መብራቱ አሁን መጣ። ቬንትሌተሩ ዞሮ የብርጭቆ ወረቀቶቹን በተናቸው። ሳጥኑ ፊቴ ክፍት ነው።

አዴ በዚያ ክር ላይ የቋጠረችው የማንን እግር ነበር?