አይጦቼ ሽታ አልጠፋባቸውም ነበር

አባቴ እጁ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት የቡና ሽታ ጠፍቶበት ነበር። እናቴ የተቆላውን ስታዞር እሱ ጋ ስትደርስ "የዛሬው ቡና ሽታ የለውም" ይላታል። ጉንፋን ነው ተባለ፣ ታለፈ። ያ ነገር ትዝ ያለኝ ኋላ ፓርኪንሰን መሆኑ ሲነገረን ነው።

ፓርኪንሰን ሲባል ሰው የሚያስበው መንቀጥቀጡንና የእግር መጎተቱን ነው። ሽታ መጥፋት፣ የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ ልብ መራገጥና ድብርት ግን ብዙ ጊዜ ቀድመው ይመጣሉ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ እነዚህን በአይጥ ላይ ላጠና ወሰንኩ።

በሽታውን በእንስሳ ላይ የማስመሰያ መንገዱ ብዙ ነው። አንዱ ኤምፒቲፒ የሚባለው ኬሚካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተበላሸ ሰው ሠራሽ ሄሮይን የወሰዱ ወጣቶችን ድርቅ አድርጎ ያስቀረው እሱ ነው። ግን ትልልቆቹ አይጦች ይቋቋሙታል፤ እኛ ጋ የነበሩት ደግሞ እነሱ ናቸው። ሌላው ኬሚካል፣ 6-ሃይድሮክሲዶፓሚን፣ ከደም ወደ አንጎል አይገባም። የራስ ቅል በስቶ በልክ መውጋት ይጠይቃል፣ መሣሪያው አልነበረንም። የቀረን ሮቴኖን ብቻ ነበር። ሮቴኖን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዓሣ ለማጥመድ ፍሬው ተፈጭቶ ውኃ ላይ የሚበተነው የእኛው ብርብራ ውስጥ ያለ መርዝ ነው። የሴሎችን ኃይል ማመንጫ ይዘጋል።

ፈቃድ ማግኘት፣ አይጦቹን ማላመድ፣ መርዙን ዘይት ውስጥ አሟሙቶ ከብርሃን መከለል፣ ይሄ ሁሉ በሰላም አለፈ።

ችግሩ የመጣው ጥናቴን ከሚያጸድቀው ኮሚቴ አንድ ትእዛዝ ነው። "መጀመሪያ እንቅስቃሴያቸው መበላሸቱ ይረጋገጥ። ካልደረቁ ፓርኪንሰን ነው አንልም። ሌላውን ከዚያ በኋላ ለኪ" አሉኝ። መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው። ልክ እንዳልሆነ ተሰምቶኝ ነበር። የአባቴ ሽታ የጠፋው እግሩ ሳይጎተት ነው። ግን አልተከራከርኩም። መፈረም ነበረባቸውና ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

በኪሎ 2.5 ሚሊግራም በየቀኑ ሰጠሁ። አይጦቹ ፀጉራቸው ቆመ፣ ከሱ፣ ደረቁ። ኮሚቴው ደስ አለው። ከዚያ የሽታ ፈተናውን ጀመርኩ። ፈተናው ቀላል ነው። አይጧ ሌሊቱን ሳትበላ ታድራለች። ጠዋት ሰጋቱራ ውስጥ ብስኩት ይቀበርና ለማግኘት የወሰደባት ጊዜ ይቆጠራል። መርዝ ያልወሰዱት ቶሎ ያገኙታል። የእኔዎቹ 5 ደቂቃ ሙሉ ሳያገኙ ይቀራሉ። ቁጥሩ በጣም ያምር ነበር። ለአማካሪዬ ግራፉን ልኬ፣ ለእናቴ ሳይቀር ደውዬ "አገኘሁት" አልኳት።

ለስድስት ሳምንታት እንዲህ ቆየሁ። አንድ ቀን እንስሳቱን የሚንከባከቡት ጋሼ አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ቆዩና "ልጄ፣ ይቺ እኮ አሽትታዋለች። መሄድ ነው ያቃታት" አሉኝ። አይጧ አፍንጫዋን ብስኩቱ ወዳለበት አዙራ፣ ጢሟ እየተንቀጠቀጠ፣ ቆማ ነበር። ጋሼ ሌላ ብስኩት ሰጋቱራው ላይ፣ ፊት ለፊቷ አስቀመጡላት። ሳይቀበር፣ እያየችው። እሱም ጋ ለመድረስ ደቂቃዎች ፈጀባት።

ቁጭ አልኩ። የለካሁት ሽታ አልነበረም፤ የለካሁት እግር ነበር። የሆድ ድርቀቱን መዝገብ ገለጥኩ። በሰዓት ስንት ፍግ እንደሚጥሉ ቆጥሬያለሁ፣ እርጥቡንና ደረቁን መዝኛለሁ። ምን ያህል እንደበሉ ግን አንድም ቀን አልጻፍኩም። ሳይበሉ ከቀሩ ፍጉ ለምን አያንስም? 24 አይጦች ምንም ሳላውቅባቸው ሞቱ። ኮሚቴው ይቅርና እኔ ራሴ ይህን እንዴት አላሰብኩም? ምልክቱ እኮ በግልጽ አንዱ ሌላውን የሚሸፍን ነው።

እንደገና ስጀምር መጠኑን ወደ 1.5 ዝቅ አደረግኩ፤ የለካሁትም ገና በደንብ ሲራመዱ ነው። ከእያንዳንዱ የተቀበረ ብስኩት ቀጥሎ ያልተቀበረ አስቀምጣለሁ። ያልተቀበረውን እንደ ጤነኞቹ እያገኙ የተቀበረው ላይ የሚዘገዩ ከሆነ ብቻ ሽታ ነው ብዬ እጽፋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ልዩነት ታየ። ትንሽ ነው፣ ግራፉም እንደ በፊቱ አያምርም። እኔ ግን አምነዋለሁ።

ድብርትን ለመለካት ደግሞ የውኃ ዋና ፈተና፣ ማለትም አይጡ ውኃ ውስጥ ገብቶ መዋኘት ሲያቆም ተስፋ ቆረጠ የሚባልበትን፣ ተጠቀሙ ቢሏችሁ አትስሙ። እግሩ የደከመ አይጥ ውኃ ውስጥ መንሳፈፉ ተስፋ መቁረጡን አያሳይም። ሁለት ጠርሙስ አስቀምጡ፣ አንዱ ተራ ውኃ፣ አንዱ 1 በመቶ ስኳር ያለው። ቦታቸውን እየቀያየራችሁ የትኛውን እንደሚመርጡ እዩ፤ ድብርት ያለበት ለጣፋጩ ያለው ፍላጎት ይቀንሳል፣ ለዚህ ደግሞ ሩጫ አያስፈልግም። የፈተናውን ሳጥን በበረኪና አታጥቡ፣ ሽታው አይለቅም። ምግቡን በየቀኑ መዝኑ። ከእንስሳቱ ጋር የሚውለውን ሰው ደግሞ ጠይቁ፤ እኔ ጋሼን በመጀመሪያው ሳምንት ብጠይቃቸው ኖሮ እነዚያ 24 አይጦች ባልሞቱ።

መመሪያው እንዲስተካከል ለኮሚቴው ባለሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አራት ወር ሆነው፣ መልስ የለም። ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ተማሪ ፕሮፖዛሏን ይዛ መጣች። አሁንም "ካልደረቁ" የሚለው ዓረፍተ ነገር አለበት።